ወረርሽኝና የተዘጉ በሮች

ተላላፊ በሽታ አንድን አገር በወረረ ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ «ስንት ሰው ታመመ? ስንትስ ሞተ?» ብሎ ነው። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም፤ ከሰው ሕይወት የሚበልጥ ነገር የለምና። ዳሩ ግን ወረርሽኝ የሚያደርሰው ጉዳት በሕሙማን አልጋና በመቃብር ቦታ ብቻ የሚቈጠር አይደለም። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋበት ወደ ከብት ጥበቃ ተመልሶ በዚያው የቀረ ተማሪ አለ። ሐኪም ቤት መሄድ ፈርታ ያለ አዋላጅ በቤቷ የወለደች እናት አለች። ዶሴው በመዝገብ ቤት ተቈልፎበት ወራት ሙሉ የተጉላላ ባለጉዳይ አለ። እነዚህን ሰዎች በሽታው አልያዛቸውም፤ ነገር ግን ጐድቷቸዋል። ስማቸውም በማናቸውም የሕሙማን መዝገብ ተጽፎ አይገኝም።

እንግዲህ ወረርሽኝ በሁለት እጁ ይመታል ማለት ነው። በአንደኛው እጁ ሰውን በሕመም ይመታል፤ በሁለተኛው እጁ ሕዝብ የሚገለገልበትን በር ይዘጋል። የመጀመሪያውን ለመከላከል ሐኪሞች አሉ። ሁለተኛውን መከላከል ግን የመምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች፣ ነገም በእነርሱ ወንበር የሚቀመጡት የዛሬ ተማሪዎች ሥራ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህን ሁለተኛውን ጉዳት ነው።

የኅዳር በሽታ

የአገራችን ሰው «የኅዳር በሽታ» እያለ የሚጠራው ወረርሽኝ አዲስ አበባን ያጠቃው በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነበር። ይህም በዚያው ዘመን ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኃይለኛ ጉንፋን ነው። አውሮፓውያን «የእስፓኝ ጉንፋን» ብለው ሰይመውታል፤ ይሁን እንጂ ይህን ስም ያገኘው ከእስፓኝ ስለ ተነሣ አይደለም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ይዋጉ የነበሩት መንግሥታት የሕዝባቸውና የወታደራቸው ልብ እንዳይሸበር በማለት ጋዜጦቻቸው ስለ በሽታው በሰፊው እንዳይጽፉ ይቈጣጠሩ ነበር። እስፓኝ ግን በጦርነቱ ስላልገባች ጋዜጦቿ ያዩትን ጻፉ፤ እውነቱን ስለ ጻፉም የበሽታው ስም ለእርሷ ተረፈ። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ የሞተው ሰው 50 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመታል።

በአዲስ አበባ የሞተው ሰው ቍጥር በየጸሐፊው የተለያየ ነው፤ ነገር ግን በብዙ ሺህ የሚቈጠር መሆኑ አያከራክርም። እስከ 10 ሺህ የሚያደርሱትም አሉ። በሽታው ባለጠጋና ድኻ፣ ታላቅና ታናሽ አልለየም። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጽኑ ታመው እንደ ነበረና በእግዚአብሔር ቸርነት ከሞት እንደ ተረፉ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ገልጸውታል።

በዘመኑ የነበሩ አባቶችና እናቶች ለልጆቻቸው ያወሩት ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል። በአንድ ቤት ውስጥ በሽተኛውና አስታማሚው አብረው ይተኙ ነበር። እንጨት የሚለቅም፣ ውሃ የሚቀዳ፣ እህል የሚፈጭ ሰው ታጣ። መቃብር የሚቈፍርም ጠፋ። ከተማውን ለቅቀው ወደ ገጠር የሸሹትም በሽታውን ይዘውት ሄዱ።

ይህን ታሪክ ስንመረምር አንድ ነገር እንረዳለን። በዚያ ዘመን በከተማው ውስጥ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ የዘመናዊ ትምህርት ቤቱም ቍጥር እንዲሁ። ለአብዛኛው ሰው ሐኪሙም፣ አስታማሚውም፣ ቀባሪውም ጎረቤቱ ነበር። ስለዚህ ጎረቤት በታመመ ጊዜ የሚተካ ሌላ አልነበረም። በሽታው ምን እንደ ሆነም ገና አልታወቀም ነበር፤ ሰውን የሚያሳምመው የጉንፋን ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በዘመኑ የተበከለ አየር የበሽታ ምንጭ እንደሚሆን ስለሚታመን የየቤቱና የየመንደሩ ቍሻሻ ተጠርጎ ይቃጠል ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ ጥራጊ የሚቃጠልበት ልማድ ከዚህ መዓት ጋር ተያይዞ ይነገራል።

ትምህርት ቤት ይዘጋ ወይስ ይከፈት?

በዚያው በ1911 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ የጉንፋኑ ወረርሽኝ በአሜሪካ ሲበረታ፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ከተሞች ትምህርት ቤቶቻቸውን ዘጉ። ኒውዮርክና ቺካጎ ግን አልዘጉም። ብዙ ሰው በዚህ ውሳኔ ተቈጣ። የኒውዮርክ የጤና ሹማምንት የሰጡት ምክንያት ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነበር። በከተማው ውስጥ ከነበሩት አንድ ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች ሦስት አራተኛው የሚኖሩት ሰው በተጨናነቀባቸው፣ አየርና ብርሃን ባነሳቸው የኪራይ ቤቶች ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት ቢቀር የሚውለው በዚያ ጠባብ ክፍል ወይም በመንገድ ላይ ነው። በትምህርት ቤት ግን ሰፊ ክፍልና ንጹሕ አየር ያገኛል፤ በየጧቱም መምህሩ ያየዋል። የሕመም ምልክት የታየበት ልጅ ለትምህርት ቤቱ ሐኪም ወይም አስታማሚ ይቀርባል፤ ከታመመም ወደ ቤቱ ይላካል።

ከዚህ ተነሥተን ትምህርት ቤት በማናቸውም ወረርሽኝ ጊዜ መዘጋት የለበትም ብንል ስሕተት ይሆናል። አንዳንዱ በሽታ ሕፃናትን አጥብቆ ያጠቃል፤ አንዳንዱም ገና ጠባዩ ሳይታወቅ መጠንቀቅን ይጠይቃል። ልብ ልንለው የሚገባን ሌላ ነገር ነው። ኒውዮርክ በሮቿን ክፍት አድርጋ ለመቈየት የቻለችው ከወረርሽኙ ብዙ ዓመት አስቀድማ በየትምህርት ቤቱ የሚመረምሩ ሐኪሞችና አስታማሚዎች መድባ ስለ ነበር ነው። በሩን ክፍት ያደረገው ድፍረት ሳይሆን ዝግጅት ነው። ዝግጅት የሌለው አገር የመምረጥ ዕድል እንኳ የለውም፤ መዝጋት ግድ ይሆንበታል።

የምዕራብ አፍሪካ ትምህርት

የተዘጋ በር ሰውን እንደሚገድል በግልጽ የታየው በእኛው በአፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 ኢቦላ የተባለው በሽታ ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን በወረረ ጊዜ ከ11 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህም ውስጥ ከ5 መቶ የሚበልጡት ሐኪሞች፣ አስታማሚዎችና ሌሎች የጤና ሠራተኞች ነበሩ። በሴራሊዮን በኬኔማ ሆስፒታል ሕሙማንን ሲያክሙ የነበሩት ዶክተር ሼክ ኡመር ካን በዚሁ በሽታ ተይዘው በሐምሌ ወር 2014 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። ሐኪም ቁጥሩ አስቀድሞም ጥቂት በነበረበት አገር አንድ ሐኪም መሞቱ አንድ ሰው ከመሞቱ የበለጠ ነገር ነው።

በዚህ ምክንያት ሕዝቡ ሐኪም ቤትን ፈራ። ወባ የያዘው ሰው ከቤቱ ተኛ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረው አቋረጠ፤ ወላዶችም ቀሩ። በኋላ ጊዜ የተደረገ አንድ ጥናት እንደ ገመተው፣ የሕክምናው አገልግሎት በግማሽ ሲቀንስ በሦስቱ አገሮች በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳና በኤች አይ ቪ ምክንያት ተጨማሪ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ይሞታሉ። አንባቢ እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ይመልከት። የተዘጋው በር የገደለው ሰው በሽታው ራሱ ከገደለው ጋር ሊተካከል የተቃረበ ነው።

የትምህርት ቤቱም ነገር እንዲሁ ነው። በሴራሊዮን ትምህርት ቤቶች ዘጠኝ ወር ያህል ተዘጉ። መንግሥት ትምህርት በሬዲዮ እንዲሰጥ አደረገ፤ ይህ መልካም ነበር። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ልጃገረዶች አረገዙ። በሚያዝያ ወር 2015 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤት ሲከፈት ነፍሰ ጡር የሆኑት ልጃገረዶች ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር እንዳይገቡ ተከለከሉ። ክልከላው የተነሣው ከአምስት ዓመት ያህል በኋላ፣ በመጋቢት ወር 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ለሁሉም የተዘጋው በር ለሁሉም ሲከፈት፣ ይበልጥ ለተጐዱት ግን እንደ ተዘጋ ቀረ። ይህን ያደረገው በሽታ አይደለም፤ የሰው ፊርማ ነው።

የ2012 ዓ.ም. ፈተና

ከኅዳር በሽታ አንድ መቶ አንድ ዓመት በኋላ ተራው እንደገና የእኛ ሆነ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መገኘቱ ተገለጸ። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። በዚህም ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከቤት ዋሉ። ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተደረገ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከአስቸኳይ ጉዳዮች በቀር ችሎት አቋረጡ፤ እስር ቤቶችን ለማቃለል ከ4 ሺህ የሚበልጡ እስረኞች በይቅርታ ተለቀቁ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ አውቶቡስና ታክሲም በግማሽ እንዲጭኑ ታዘዙ። ለነሐሴ ወር ተቀጥሮ የነበረው አገር አቀፍ ምርጫ እንኳ ወደ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተዛወረ።

አሁን ይህን ከ1911 ዓ.ም. ጋር እናነጻጽረው። በዚያ ዘመን ሊዘጋ የሚችለው በር ጥቂት ነበር። በ2012 ዓ.ም. ግን ሕፃኑ ለክትባት፣ ተማሪው ለትምህርት፣ እናቲቱ ለወሊድ፣ ነጋዴው ለፈቃድ፣ ተከሳሹ ለፍርድ የሚመጣበት በር በየቀበሌው ተከፍቶ ነበር። አገር በሠለጠነ መጠን ሕዝቡ በእነዚህ በሮች ላይ የተደገፈ ይሆናል፤ ስለዚህ በሮቹ ሲዘጉ የሚደርሰው ጉዳት የዚያኑ ያህል ይሰፋል። ይህ ማለት ሥልጣኔ ጎጂ ነው ማለት አይደለም። አንድ አገልግሎት ለሕዝብ ሲከፈት፣ በክፉ ቀን እንዴት እንደሚቀጥል አብሮ መታሰብ አለበት ማለት ነው።

ስለ ትምህርቱ ብንመለከት፣ ለአንደኛ ደረጃ በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን ትምህርት እንዲሰጥ ጥረት ተደረገ። ከተማ ውስጥ ቴሌቪዥንና ስልክ ያለው፣ የተማረ ወላጅ ያለው ልጅ ጥቂትም ቢሆን ተጠቀመ። መብራት ባልገባበት ገጠር ለሚኖረው ልጅ ግን ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ትምህርቱም አብሮ ተዘጋ። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ያሉት ተማሪዎች ያለ ማጠቃለያ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፉ ተደረገ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በ2012 ዓ.ም. ሊፈተኑት የሚገባውን ፈተና የወሰዱት በ2013 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻና መጋቢት መግቢያ ላይ ነው። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ ወንበሩ ባዶ ሆኖ የቀረ ተማሪ በየክፍሉ ነበር። አንዱ ለቀን ሥራ ሄዷል፤ አንዷ ተድራለች።

በሕክምናው በኩል በአዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮሮና ሕሙማን ተለየ፤ ሚሌኒየም አዳራሽም ወደ ሕክምና ቦታነት ተለወጠ። ይህ የግድ ነበር። በሌላ በኩል ግን በኮሮና ፍርሃት ከሐኪም ቤት የቀረው ሰው፣ በኢቦላ ጊዜ በምዕራብ አፍሪካ እንደ ታየው ሁሉ፣ ሌላ አደጋ ያሰጋው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ መልካም ሥራ ልናነሣ ይገባናል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሊደረግ ታስቦ የነበረው አገር አቀፍ የኩፍኝ ክትባት በወረርሽኙ ምክንያት ቆመ። ኩፍኝ እጅግ ተላላፊ ነው፤ ያልተከተበ ሕፃን በበዛበት መንደር አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች ሊያስተላልፈው ይችላል። «ኮሮና እስኪያልፍ እንጠብቅ» ቢባል ኖሮ ኩፍኝ አይጠብቅም ነበር። ስለዚህ የጤና ሠራተኞች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ እጃቸውን እያጸዱ፣ ሕዝቡ እንዳይጨናነቅ እየተቈጣጠሩ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መግቢያ ክትባቱን ሰጡ። ከ14 ሚሊዮን የሚበልጡ ሕፃናትም ተከተቡ። ይህ ሥራ የተሠራው ወረርሽኙ ገና ባልበረደበት፣ ክረምትም በገባበት ጊዜ ነው። የተዘጋን በር በጥንቃቄ መልሶ መክፈት እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይህን ለመሥራት ያስቻለውም በድንገት የተገኘ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት፣ ቍጥራቸው ከ30 ሺህ የሚበልጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እያንዳንዱን ቤት ያውቁት ነበር። በየትኛው ቤት ሕፃን እንዳለ፣ የትኛዋ እናት እንደ ወለደች ጠይቀው ሳይሆን አስቀድመው አውቀው ነው የሚሄዱት። የኒውዮርኩ መምህርና የእኛዋ የጤና ሠራተኛ ሥራቸው በመሠረቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከክፉ ቀን በፊት ሰዉን በስሙ ያውቁት ነበር።

በኢትዮጵያ በኮሮና መሞታቸው በመንግሥት የተመዘገበው ሰዎች ከ7 ሺህ 5 መቶ ይበልጣሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ኮሮና ዓለምን የሚያሰጋ አስቸኳይ ጉዳይ መሆኑ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የሞቱት ተቈጥረዋል። ከትምህርት ገበታ የቀሩትስ?

ከወጣት ሠራተኛ የሚጠበቀው

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለሥራችን የሚጠቅመንን እንውሰድ።

አንደኛ፣ በር መዝጋት ቀላል ነው፤ በአንድ ደብዳቤ ይፈጸማል። መክፈት ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤት እንዲዘጋ የሚያዝዝ ደብዳቤ ሁሉ ጉዳዩ እንደገና የሚመረመርበትን ቀን፣ በሩ እስኪከፈትም ሕዝቡ የሚገለገልበትን መንገድ አብሮ ሊይዝ ይገባል። ቀን ያልተቈረጠለት መዘጋት በዚያው ይለመዳል።

ሁለተኛ፣ ከቶ ሊቋረጡ የማይገባቸው ሥራዎች የትኞቹ እንደ ሆኑ በደኅናው ጊዜ ተለይተው ይታወቁ። ወሊድ፣ ክትባት፣ የማይቋረጥ መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን፣ ውሃ፣ መብራት፣ የታሰረ ሰው የፍርድ ጉዳይ፣ የጡረተኛ አበል፣ እነዚህ ነገ ይደርሳሉ የሚባሉ አይደሉም።

ሦስተኛ፣ ሥራ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ። በብዙ መሥሪያ ቤት ዶሴው የት እንዳለ የሚያውቀው አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው፤ እርሱ የታመመ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ታመመ ማለት ነው። መዝገቡን በሥርዓት መያዝና ሥራን ለባልደረባ ማስተማር ተራ ነገር ይመስላል፤ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ግን መሥሪያ ቤትን የሚያድነው ይኸው ተራ ነገር ነው።

አራተኛ፣ በሩ ሲከፈት የገባውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም መቍጠር ያስፈልጋል። መምህሩ የስም መዝገቡን ከመዘጋቱ በፊት ከነበረው ጋር ያስተያይ፤ የጐደለውን ተማሪ ስም ለርእሰ መምህሩ፣ ለወላጅና ለቀበሌ ያሳውቅ። ለተማሪዎችም የሚሆን ድርሻ አለ፤ አጠገብህ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ባይመለስ ከማንም በፊት የምታውቀው አንተ ነህ። ሄደህ ብትጠይቀው ምናልባት የሚመልሰው ያ ጥያቄ ይሆናል።

አምስተኛ፣ እውነቱ ይነገር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። በ1911 ዓ.ም. የጦርነቱ መንግሥታት ዜናውን ቢያፍኑትም በሽታውን ሊያፍኑት አልቻሉም። ሕዝብ መሥሪያ ቤቱ ለምን እንደ ተዘጋና መቼ እንደሚከፈት በጊዜው ከተነገረው ይታገሣል፤ ካልተነገረው ግን ወሬ ይከተላል፤ ወሬም ከበሽታ ይልቅ ይፈጥናል።

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባ ሰፈሮች ጭስ ሲወጣ ብዙ ወጣቶች ልማዱን ያውቁታል፤ የልማዱን ምክንያት የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። አባቶቻችን በነበራቸው ዕውቀት የቻሉትን አደረጉ፤ ደጃቸውን ጠርገው ጥራጊውን አቃጠሉ። በእኛ እጅ ግን ከእነርሱ የበለጠ ዕውቀት፣ የበለጠ ትምህርት ቤትና የበለጠ ሐኪም ቤት አለ። የሚቀጥለው ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ መምጣቱ ግን አይቀርም። ያን ዕለት የምንመረመረው በጭሱ ብዛት ሳይሆን፣ ሕዝቡ ሲያንኳኳ ከፍቶ የሚቀበለው በር በመገኘቱ ነው።